ስዩሜ፣ ፊልሙን እኔ ተረጎምኩት

ለምወድህ ለባለቤቴ ለስዩሜ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ባሮ ሞልቶ ጎደለ፣ እንደገናም ሞላ፤ እኔ ግን አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ቆየሁ። የምነግርህ ደስ የሚል ነገር አልነበረኝማ። ዛሬ አለኝ። ስትስቅብኝ ከወዲሁ ይታየኛል፤ ሳቅ፣ ግድ የለም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ቪዲዮ ቤታችን አንተን ከቀበርን ብዙም ሳይቆይ ተዘግቶ ነበር። አንድ ጎረምሳ አንተን ተክቶ የውጭውን ፊልም እዚያው ለተመልካቹ በአማርኛ ሊተረጉም ሞከረና “ሂድ አለው፣ እሱም ሄደ” እያለ ሰዉን አስተኝቶ አባረረልኝ። ከዚያ ደንበኞችህ እኔን ያዙኝ። ዕድሜሽን ሙሉ በር ላይ ቆመሽ ትኬት ስትቆርጪ ሥራውን በጆሮሽ ተምረሽዋል፣ አንቺ ተርጉሚልን አሉኝ። እኔ? በሰው ፊት? እምቢ አልኩ። አንድ ነጋዴ አዳራሹን ለሲሚንቶ መጋዘን አከራዪኝ ሲለኝ፣ ከአዲስ አበባ ስመለስ ቁልፉን ትወስዳለህ አልኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ድምፅህ የሌለበትን ቤት ማየት አስጠልቶኝ ነበር።

አዲስ አበባ የሄድነው ለእናትህ ዓይን ነው። ሞራው ተገፎላቸው አሁን እኔ ያላየሁትን ጠጠር ከሩዙ ውስጥ ይለቅማሉ፣ ተመስገን ነው። ልጃችን ትዕግስት ታዲያ አዲሱን ዓይናቸውን ላስመርቅ ብላ ሀብታሞች የሚገቡበት ሲኒማ ቤት ወሰደችን።

ወንበሩ ቁልፉን ሲነኩት እንደ አልጋ ይዘረጋል። እናትህ ሰው ፊት አልጋደምም ብለው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ቀደም ብለውም ምንጣፉን አይተው በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ነበር፤ ትዕግስት እየተሸማቀቀች መልሳ አጫማቻቸው። ፈንዲሻው ያለንበት ድረስ መጣልን፤ ቀኑ ዓርብ ስለነበር ቅቤ እንደሌለው አስተናጋጁን ሳያስምሉ አልነኩትም። እኔ የኛን አግዳሚ ወንበርና የቆርቆሮ ጣሪያ አስቤ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ፊልሙ ስለ ጠፈር ነው። መብራቱ ጠፍቶ ስክሪኑ ሲበራ ግድግዳው የት እንደገባ እንጃ። በቀለበት የታጠረች ትልቅ ዓለም መጥታ ፊታችን ቆመች። ቀለበቱ በረዶ ነው፣ እያንዳንዱ ስባሪ ያበራል። ከሥሩ ቀይ አውሎ ነፋስ ይሽከረከራል፣ ከዋክብቱ ደግሞ እላያችን ላይ የሚፈሱ ይመስላሉ። እናትህ እጄን ጭምድድ አድርገው ያዙ። የፈሩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ደስ ብሏቸው ነው።

ችግሩ፣ ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው። እናትህ ጠፈርተኛዋ ምን አለች ይላሉ፣ ትዕግስት አየሩ እያለቀ ነው አለች ትላቸዋለች፤ አሁንስ ይላሉ፣ አሁንም አየሩ እያለቀ ነው። በመጨረሻ ተንፈስ አሉና “ልጄ ቢኖር ይሄን ሁሉ እንደ ደንቆሮ አላየውም ነበር” አሉ።

አንጀቴን በሉት። ሳላስበው አፌ ተከፈተ። አንተ ጀግናውን ፊት በተቀመጠው ሰው ስም ትጠራው አልነበር? በአንዱ ፊልም ኦኬሎ፣ በሌላው ጋትሉዋክ፣ ቀጥሎ ከበደ፣ ማንም ቅር እንዳይለው። ወንበዴውን ግን አንድም ቀን ስም አልሰጠኸውም። እኔም ጠፈርተኛዋን አሪየት አልኳት፣ የኛው አገር የኢታንግ ልጅ አደረግኳት። መርከቧ እንደተበላሸ፣ ጓደኞቿ የእሷን እጅ እንደሚያዩ በእናትህ ጆሮ አንሾካሾክሁ። ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹን እንዳንተ ከራሴ ጨመርኩ። ፊልሙ ሲጮህ እኔም ድምፄን ከፍ፣ ከፍ አደረግሁ።

አሪየት ገመድ ታጥቃ ከመርከቧ ስትወጣ ታዲያ የፊልሙ ድምፅ በአንዴ ጸጥ አለ። ጠፈር ላይ ድምፅ የለም አሉ፤ እኔ ምን አውቄ። በዚያ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ የተሰማው የኔ ድምፅ ብቻ ነበር፦

“ወገኖቼ፣ አሪየት ባሮን እየዋኘች ያደገች ናት፤ ይቺ ጨለማ አቅታት ትመለሳለች?”

ትዕግስት ጭኔን ቆነጠጠችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አስተናጋጁ ባትሪ እያበራ መጣ። ያኔ ከኋላችን አንድ ጎልማሳ “ተዋቸው ወንድሜ፣ ይጨርሱልን” አለው። ሰዉ ሳቀ፣ ከዚያ ከወዲህም ከወዲያም ይቀጥሉ ተባለ። ስዩሜ፣ ቀጠልኩ። ሳልንተባተብ፣ ሳላፍር፣ አሪየት መርከቧን ጠግና እስክትገባ ድረስ። መብራት ሲበራ ተጨበጨበ። ለፊልሙ ይሁን ለኔ አልጠየቅሁም፤ ለኔ ነው ብዬ ወሰድኩት።

እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜ ለነጋዴው ደወልኩና ለሲሚንቶህ ሌላ ቤት ፈልግ አልኩት።

አሁን ጋምቤላ ነኝ። ቪዲዮ ቤቱ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ይከፈታል። ባጃጅ ነጂው፣ ተማሪው፣ ከጎግ ወረዳ ለገበያ የመጣው ሁሉ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። የምተረጉመው እኔ ነኝ፤ አሁን ማን ይችለኛል። በሩን እናትህ ይዘውታል፣ አንተ በነፃ ታስገባቸው የነበሩትን ዘመዶችህን ጭምር ትኬት ያስቆርጣሉ። ናፍቀኸኛል፣ በጣም። ግን ድምፄ ሲወጣ ናፍቆቱ ቀለል ይለኛል።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ተነስቼ፣ ይሄን ሥራ ያስተማረኝ ባለቤቴ ስዩም ነው እላለሁ። እስካለሁ ድረስም እላለሁ፣ ቃሌ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ ተጣድፌ ሳልለው ጀመርኩ። ሰዉ ዝም ብሎ የሚያይ መስሎኝ ነበር። ከፊት ወንበር አንዱ እጁን አውጥቶ “የስዩምን ስም ሳትጠሪ?” አለኝ፤ ከኋላ ያሉትም አጉረመረሙ። ፊልሙን አስቁሜ፣ አንተን ጠርቼ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።

ያንተው ዘነበች