በማዳበሪያ የተሰፋው ጋሪ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት

ዛሬም በጓሮ በር ወጣን። አማቴ ቀድመው አንገታቸውን ብቅ አድርገው ግራ ቀኙን አዩ፤ ከዚያ በእጃቸው ጠሩኝ። ሕፃን ፀሐይ ልናሞቅ ነው እንጂ በግ ሰርቀን አይደለም። እንዲህ አልኳቸው? አላልኳቸውም። የምነግረው ለአንቺ ነው፣ ማስታወሻዬ። ለሰው ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ «ምነው እንዲህ መቆጣት» ይመጣል፤ ከዚያ ጥፋተኛዋ እኔ እሆናለሁ።

ቤዛ ጋሪዋ ላይ ደስ ብሏታል። ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጀሶ። ስትወለድ ዳሌዋ ከቦታው ወጥቶ ነበር። ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ እኩዮቿ ሲሮጡ እሷ መቆም እምቢ ስትል። አ.አ. ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። አሁን ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ከነጀሶዋ እኔ የማልችላት ሸክም ሆናለች። እግሮቿ ተከፍተው ስለደረቁ ማዘል የሚባል ነገር የለም። ዶ/ሩ ደጋግሞ ነግሮኛል፦ እግሯ እንዳይንጠለጠል፣ ጀሶው እንዳይሰነጠቅ። ከተሰነጠቀ አጥንቱ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ጋሪ። እህቴ ሰናይት ከአ.አ. የላከችልን ሰማያዊ ጋሪ፣ አንዱ ጎማው የሚጮኸው።

አማቴ ጋሪውን አይወዱትም። እሳቸው አገር፣ አይከል፣ ልጅ ይታዘላል፤ በጋሪ የሚገፋው እህል ነው። ዓይን ይበላታል ይላሉ። ሰው ባለፈ ቁጥር ነጠላቸውን ይጥሉባታል። ቤዛ ነጠላው ሥር ሆና ትስቃለች። ድብብቆሽ መስሏታል።

ሐሙስ በረራ። ዓርብ ቀጠሮ። ጀሶው ይከፈታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አጥንቱ ይዞ እንደሆነ ይታያል። ሌላ ሐሳብ የለኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ክፍል ገብቼ ስታቲስቲክስ አስተማርኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ እኔም ተማሪዎቼም አናውቅም። ከዚያ እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ ወዳለው የትኬት ቢሮ። የሕፃን ጋሪ እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ ይገፋል አሉኝ። እዚያ ይቀበሉኛል፤ ስወርድ እዚያው በሩ ላይ ይሰጡኛል። ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ። ትኬት ቆራጯ ታከታት።

ቤት ገብቼ ለሁሉም አስረዳሁ። መላኩ ራሱን ነቀነቀ። ባሌ ራሱን ሲነቀንቅ ሰማ ማለት አይደለም፤ ነገሩ ቶሎ ይለቅ ማለት ነው። አማቴ ለሰናይት ምን ይላክ አሉ። ምንም አልኩ። «ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ? ሸጋ ቅቤ አለ!» አሉ። እሺ፣ ትንሽ አልኩ። የእኔ «ትንሽ» በዚህ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

የቤዛን ልብስ አዘጋጅቼ አብሬያት ጋደም አልኩ። ጋሪውን ማን እንዳነሳው አላየሁም። መ. ነገ ታክሲው ላይ እኔ እጭነዋለሁ ብሎኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ጠዋት፣ ኤርፖርት

ተሰፍቷል።

ጋሪው ተሰፍቷል! በማዳበሪያ። ከላይ እስከ ታች፣ በሲባጎ፣ በጆንያ መርፌ፣ ድርብ ስፌት። መ. ከታክሲው ኋላ ሲያወጣው የሌላ ሰው ዕቃ መስሎኝ ነበር። እናቴ ናት፣ እንዳይሰረቅ ብላ ነው፣ ቅቤውም ውስጡ አለ፣ አለኝ። ከዚያ ቢሮ ረፈደብኝ ብሎ ሄደ። ግብርና ቢሮ ያለ እሱ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ እርሻ የሚቆም ይመስል።

ፍተሻ ላይ ምንድን ነው አሉኝ። የሕፃን ጋሪ ነው አልኩ። ጥበቃው ሳቀ። እንፍታው አልኩ። በምን? መቀስ የለም፣ ምላጭ የለም፣ ቢላ የለም፤ ኤርፖርት ነው። በጥርሴ ሞከርኩ። አዎ፣ በጥርሴ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። አንዲት ፈታሽ በቁልፏ ሁለት ስፌት በጠሰችልኝ። አማቴ ግን ሲሰፉ እንደዋዛ አይሰፉም። ጊዜው አለቀ። መዝጋቢው በትሕትና ነገረኝ፦ ማዳበሪያ እስከ በር አይሄድም፤ ውስጡ ያለውም ቅቤ ነው፤ ከዕቃ ጋር ይጫናል። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ።

ያለው አንድ ዊልቸር አንድ አዛውንት ቄስ ተቀምጠውበታል። ልነሳልሽ ልጄ፣ ውሰጂው ሊሉኝ ቃጡ። እግራቸውን አይቼ እምቢ አልኩ።

ተሸክሜያት እሄዳለሁ። እየጠሩን ነው።

ያው ቀን። አ.አ.፣ ከሰዓት

የሆነውን ልጻፍ። ደረጃው ላይ ነው። የአውሮፕላኑ ደረጃ፣ ስንወርድ። አንዱ ከኋላ በቦርሳው ገፋኝ፣ ሳያውቅ። ሚዛኔን ስስት የቤዛ ጉልበት ብረቱን መታ። ቀጭ አለ። ቤዛ አላለቀሰችም። «ምንድን ነው ቀጭ?» አለችኝ። ሁሉንም ነገር በምትጠይቅበት በዚያች ድምጿ።

ጭኗ ላይ ጀሶው ተሰንጥቋል። ጥፍሬ ይገባል።

ማዳበሪያው ደግሞ አልመጣም። ሻንጣ ሁሉ ዞሮ አለቀ፤ የእኛ የለም። በሚቀጥለው በረራ ይመጣል አሉ። ሳቅሁ። ሰውየው ፈራኝ መሰለኝ፤ ወንበር አመጣልኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል

ከተማው በሙሉ ጭስ ነው። ኅዳር ሲታጠን፤ አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ሰብስባ የምታቃጥልበት ቀን። ቤዛ በሰናይት ክንድ ላይ ታስላለች። ሰናይት ትሸከማለች፣ እኔ እግሯን እደግፋለሁ፤ ሁለት ሴት አንድ ልጅ ይዘን እንደ ሳጥን በሆስፒታሉ ኮሪደር ጎን ለጎን እንሄዳለን። ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን በጋሪ እየገፉ ያልፉናል። ልጆቹን ማንም አይሸፍናቸውም።

ፎቶ ተነሳች። ጠበቅን። ልጄ እግሯ ወጥቶ ከሆነ፣ አልኩ በልቤ፣ እዚያ ቤት አልመለስም። ቃል በቃል እንዲህ አልኩ፤ ጽፌ ላስቀምጠው።

ዶ/ሩ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቀለ። በጣቱ መገጣጠሚያውን ተከተለ። ከዚያ፦ አጥንቱ ቦታው ላይ ነው። ይዟል!

ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። በደስታ ነው ለማለት እፈልጋለሁ። በንዴት ነው። በማዳበሪያ ምክንያት፣ በቅቤ ምክንያት፣ በአንድ መርፌ ምክንያት ላጣው የነበረውን አየሁት።

አዲስ ጀሶ ተደረገላት። ገና ሳምንታት አሉ። ከዚያ ትቆማለች አለ፤ ቀስ እያለች ትሄዳለች።

ማታ። መ. ደወለ። ደስ አለው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ይወዳታል፣ እሱን አልክድም። ስልኩን ልዘጋ ስል አንድ ነገር መጣልኝ። ገበያ ውስጥ ስንት ጆንያ ሲሰፋ አይቻለሁ። አንድ ሰው ይሰፋል፤ አንድ ሰው አፉን ይይዛል። ጋሪ ያህል ነገር ውስጡ እያለ ብቻውን የሚሰፋ የለም። አፉን ማን ያዘላቸው አልኩት።

የምን አፍ? አለ።

መላኩ፣ አፉን ማን ያዘ?

እኔ፣ አለ።

ከዚያ ሁሉም ተዘረገፈ። በዚያ በረራ ከአይከል የሚያውቋቸው ሰዎች ነበሩ። አይከል ደግሞ ቤዛ ድና፣ እየሮጠች ነው ተብሏል። አማቴ ብቻ አይደሉም ያሉት፤ እሱም ብሏል፤ በጋሪ ስትገፋ ካዩዋት ውሸቱ ይወጣል። ዓይን አይደለም ነገሩ። ሰው ነው። አፍረውባታል። አባቷ አፍሮባታል።

ዘጋሁበት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ማዳበሪያው መጣ። ግማሹ በቅቤ ርሷል፤ የሻገተ አይብ የሚመስል ሽታ። ሰናይት አይታው መሳቅ ጀመረች። እኔም ሳቅሁ። እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ የወጥ ቤቱን ቢላ አነሳሁና ወጋሁት። ሰናይት ቀስ በይ እያለች ትጮኻለች። እኔ አልሰማም፤ ሰቅ፣ ሰቅ። ማዳበሪያው ሲወድቅ የጋሪው ቀበቶም አብሮ ወደቀ። ቆርጬዋለሁ። ራሴ፣ በገዛ እጄ።

ያለ ቀበቶ አይገፋም፤ ልጅቷ ወደፊት ትንሸራተታለች። ሰናይት መቀነቷን ፈታ አሰረችልኝ። በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ቅቤ ይሸታል፣ ይሸታል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ጎንደር

ጋሪው እስከ አውሮፕላኑ በር። እንደተባለው። ተቀበሉኝ፣ አጥፈው አስገቡት፤ ጎንደር ስወርድ ደረጃው ሥር ተዘርግቶ ቆሞ ነበር። ይኸው ነበር ነገሩ። ይኸው ብቻ።

ሰዉ ሁሉ አየን። እንዴት ያየናል መሰለሽ? አየን፣ ከዚያ ሻንጣውን ፈለገ። አንዲት እናት ከየት ገዛሽው አለችኝ። ለዚህ ነው ልጄን የሰፏት።

መ. ውጭ ይጠብቃል። ቤዛን ሳማት፣ አቀፋት፤ ከዚያ ጋሪውን ቶሎ ሊያጥፍ ጎንበስ አለ። አትጠፈው አልኩ። ሰው መንገድ... ሊል ጀመረ። አየሁት። ተወው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

አማቴ ምግብ ያቀርባሉ፣ እበላለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። ስናደድም አንቱ ማለቴ አልቀረም፤ አፌ ለምዷል።

ከሰዓት ግን አልቻልኩም። ጠየቅኳቸው። እግሯ ወጥቶ ቢሆንስ? እሳቸው አልካዱም፤ አልተቆጡምም። የተሰነጠቀውን ስሰማ እህል አልበላሁም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«እግርስ ይድናል ልጄ። ስም አይድንም። እኛ አገር አንዴ አንካሳዋ ከተባለች፣ ብትሮጥም አንካሳዋ ናት። እናቴን እስክትሞት ድረስ እንዲያ ነው የጠሯት።»

አላውቅም ነበር። መ. ነግሮኝ አያውቅም። የተዘጋጀሁበትን ንግግር ትቼ ሳህኑን አነሳሁ። በዚህ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ፤ ልራራላቸው አልፈለግኩም ነበር፣ አሁንም አልፈልግም። ስም ያወጡት ሰዎች ናቸው፤ የተደበቀችው ልጄ ናት። ታዲያ ማንን ነው የምንፈራው?

ይቅር አላልኳቸውም። ጻፊልኝ፣ ማስታወሻዬ፦ ገና ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ከሰዓት

ከገበያ ስመለስ አማቴ በረንዳው ላይ ጋሪውን ከፊታቸው አቁመው ተቀምጠዋል። ደግሞ ሊሰፉት ነው ብዬ ሮጥኩ። ቀበቶውን ነው። ያው የጆንያ መርፌ፣ ያው ሲባጎ፣ ያው ድርብ ስፌት። ቆዳ ከሥሩ ደርበውበታል። ቤዛ ምንጣፍ ላይ ተንጋላ ክሩን ትጎትትባቸዋለች። ሳቢው ብለው ሰጡኝ። ሳብኩት። አይበጠስም።

ነገ ኅዳር ጽዮን ነው፣ እሑድም ነው፤ ጎንደር በሙሉ ማርያም ይወጣል። መ. ባጃጅ እጠራለሁ አለ። አይሆንም አልኩ። በእግር። በፒያሳ፣ በዋናው መንገድ፣ ሰው በሞላበት። ኮብልስቶኑ ያንገጫግጫታል አለ። ቀስ ብለህ ትገፋለህ አልኩት።

እኔ? አለ።

አንተ። የማዳበሪያውን አፍ የያዘ እጅ እጀታውን ይይዛል። የአይከል ሰው ቢያገኝህ ትቆማለህ፤ ልጄ ናት፣ እግሯ ጀሶ ውስጥ ነው፣ ገና አልሄደችም ትላለህ። ነጠላ አይጣልም። ካልሆነ ቤዛን ይዤ ሰናይት ጋ እሄዳለሁ፤ በሚቀጥለው በረራ።

አልጮኽኩም። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። አማቴ ሰምተዋል፤ መርፌውን አስቀመጡና ገቡ። መ. እሺም እንቢም አላለም። ራሱንም አልነቀነቀም።

እሑድ፣ ኅዳር 21። ጠዋት 1 ሰዓት

አማቴ ቀድመው ለብሰዋል። የጓሮውን በር ቆልፈው ቁልፉን እጄ ላይ አኖሩት። ነጠላቸውን በደንብ፣ በራሳቸው ትከሻ ላይ አጣፍተዋል።

ጋሪው ግቢው መሐል ነው። ቤዛ ተቀምጣለች፣ ቀበቶዋ ታስሯል፤ ለዶሮዋ እጇን ታወዛውዛለች። መ. ከኋላዋ ቆሟል። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። የፊት ለፊቱን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ መጥቻለሁ፤ መንገዱ ላይ ሰው መውረድ ጀምሯል። እኔ አልገፋም። እዚህ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ፣ እጁን አያለሁ።

ጎማው ጮኸ