ሚያዝያን አረንጓዴ ለቀቡት ክቡር ኃላፊ

ሚያዝያ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎፋ፣ ነፋስ ስልክ ላፍቶ

ለጉብኝት ወቅት መምረጫ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣ ለክቡር አቶ ኤልያቄም፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በዓሉስ ከነቤተሰብዎ በሰላም አለፈ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን እስከ መጪው ማክሰኞ ድረስ ደኅና ነን። ከማክሰኞ በኋላ ስላለው ጤንነታችን ግን ከእኔ ይልቅ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ስለሚያውቅ፣ እርስዎን መጠየቅ ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ጽፌያለሁ።

አባይነህ ኮርሳ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የአስጎብኚ መኪና ስነዳ ኖሬ፣ ወገቤ እምቢ ስላለኝ ካቆምኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ብዕር ያነሣሁት በቅድሚያ ላመሰግንዎ ነው። እኛ አሮጌ ሹፌሮች፣ እንግዳ «አገራችሁን ለማየት መቼ ልምጣ?» ብሎ ሲጠይቀን፣ «የት ለመሄድ?» ብለን መልሰን እየጠየቅን ስናደክመው ኖረናል። እርስዎ ግን አገሩን በሙሉ፣ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ቆላ፣ በአንድ የቀን መቁጠሪያ ጠቅልለው ገላገሉን። ጎፋ መገንጠያው ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ሰሌዳ በየቀኑ አየዋለሁ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት አረንጓዴ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ቀይ ነው። ከሥሩ «መላው አገር ይጠብቅዎታል» ይላል። ማን እንደሚጠብቅ በትክክል ስላልተገለጸ፣ ባለችኝ እውቀት ላሟላው ብዬ የሚከተሉትን ነጥቦች በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ መስኮቱ። ባለፈው ታኅሣሥ ለምክክር ጠርተውን ነበር፤ ስለ ምሳውም አመሰግናለሁ። እጄን አውጥቼ፣ በደቡብ ቆላ ትልቁ ዝናብ የሚመጣው ከመጋቢት እስከ ግንቦት መሆኑን፣ እኛ በክረምቱ ጭቃ ስንቦካ ደግሞ እዚያ ምድሩ ደርቆ ለመንገድ የሚመች መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ። ክቡርነትዎ አልተቆጡኝም። መጋረጃው እንዲከፈት አዘዙና የላፍቶን ሰማይ አሳዩን። አንድም ዳመና አልነበረበትም፤ አዳራሹም አጨበጨበ። እኔም ነፋስ ስልክ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ መሪ እስክይዝ ድረስ፣ ጠብ ጠብ ከምትለው በልግ በቀር ዝናብ የሚባለው ነገር ለሁሉም አገር በሰኔ ገብቶ በመስከረም የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አልፈርድብዎትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያን ሁሉ መንገድ የተንከራተትኩት ጥሩ መስኮት አጥቼ መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው።

2ኛ/ ስለ አሥሩ ደቂቃ። ማክሰኞ ወደ ደቡብ ቆላ የሚነሣው ጉዞ የሦስተኛ ቀን መርሐ ግብር «ወንዝ ማቋረጥ፦ 10 ደቂቃ» ይላል። ወንዙ ድልድይ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ውኃም የለውም፤ ሰፊ አሸዋ ነው። እኛ ሹፌሮች «ሰነፉ» እንለዋለን። ሲሰንፍ ከርሞ የሚነሣው እርስዎ አረንጓዴ በቀቡት በዚሁ በሚያዝያ ነው፤ የሚነሣውም እዚያ ስለዘነበ አይደለም። እዚያ ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ደጋው ላይ የዘነበው ነው ወርዶ የሚደርሰው። ስለዚህ የእኛ ደንብ አንድ ብቻ ነው። ትንሽም ውኃ ከታየ ሹፌሩ ይወርዳል፤ የውኃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ሻይ አዝዞ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ድንጋዩ ደርቆ ከጠበቀው ይሻገራል፤ ውኃው ከዋጠው መኪናውን አዙሮ ከወንዙ ወዲህ ያድራል። በዚህ የተነሣ ከስንት እንግዳ ጋር ተጨቃጭቀናል፣ ስንት ጉርሻ ቀርቶብናል። ይህን ኋላ ቀር ልማድ በአሥር ደቂቃ ስለተኩልን አንጀታችን ቅቤ ጠጥቷል።

3ኛ/ ስለ ቶሌራ። ቶሌራ የሥራ ባልደረባዬ ብቻ አልነበረም። ሁለታችንም ላጤ ሳለን ብስራተ ገብርኤል አንድ ክፍል ተከራይተን ኖረናል። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ በዚሁ በሚያዝያ፣ በሁለት መኪና ወንዙ ዳር ደረስን። የእሱ እንግዶች አውሮፕላን ይቸኩሉ ስለነበር ድንጋይ ሳያስቀምጥ ገባ። እንግዶቹ ፎቶ ለማንሣት ወርደው ስለነበር ብቻውን ነበር የሚነዳው። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ከኋላዬ የጭነት መኪና የሚመጣ መስሎኝ ዞር አልኩ። መልሼ ስዞር ወንዙ ሙሉ ነበር። መኪናው በሦስተኛው ቀን ተገኘ፤ ቶሌራ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይህን የምጽፈው በሥራ የተጠመደ ልብዎን ለማሳዘን አይደለም። ሰማዩ ያን ቀንም ልክ እንደ ላፍቶው ሰማይ ጥርት ያለ እንደነበር፣ ለመስኮትዎ ተጨማሪ ማስረጃ ይሆን ዘንድ ነው።

4ኛ/ ስለ ልጄ። ጸደንያ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የአስጎብኚነት ፈቃዷን ያገኘችው በጥር ሲሆን፣ ማክሰኞ ዘጠኝ እንግዶች ይዛ ወደዚያው ወንዝ የምትሄደው እሷ ናት። በመጋቢት ያወጡትን መመሪያ አንብቤያለሁ። በአረንጓዴ ወር ለእንግዳ «አሁን አይሆንም» ያለ ወይም ጉዞ ያቋረጠ አስጎብኚ፣ የአገር ገጽታ እንዳበላሸ ተቆጥሮ ፈቃዱን ይነጠቃል ይላል። እኔ ግን ፈቃዱ ገደል ይግባ ብዬ፣ በሞቴ አትሂጂ ብዬ ለመንኳት። ልጄ ቁጭ ብላ ሰማችኝና እንዲህ አለች፦ «አባዬ፣ እኔ ብቀር ሌላ ይልካሉ። ያ ሌላው ደግሞ ወንዙን አያውቀውም።»

ያሳደግኳት እኔው ነኝና በማን ላይ ልቆጣ? ክቡርነትዎ መልስ ካለዎት እስከ ሰኞ ማታ ቢልኩልኝ እነግራታለሁ።

5ኛ/ ስለ ትናንት። ወንዙ ዳር ሻይ ቤት ያላት ራኬብ የምትባል የቆየች ደንበኛችን ትናንት ጠዋት ደወለችልኝ። አርብቶ አደሮቹ አሸዋው ላይ ያሳድሯቸው የነበሩትን ከብቶች ከእሑድ ጀምሮ ነድተው ወደ ጉብታው አውጥተዋል አለችኝ። ማንም አላዘዛቸውም፤ የቀን መቁጠሪያዎም ገና አልደረሳቸውም መሰለኝ። የእናንተ ሰማይስ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት። እዚህማ ጠራ ነው፣ ወደ ደጋው በኩል ግን ሦስት ቀን ሙሉ እንደጠቆረ ነው አለችኝ። እንቅልፍ ካጣሁ ይኸው ሁለተኛ ቀኔ ነው።

ጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። ሠራተኞችዎ እጅግ ጨዋ ናቸው፤ ወንበር ይሰጣሉ። ሦስቱንም ጊዜ የተነገረኝ፣ በቀይ ወር መጓዝ ለሚፈልግ የሚሞላ ቅጽ እንዳለ፣ በአረንጓዴ ወር መቅረት ለሚፈልግ ግን ገና እንዳልተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ቅጽ ትቼ አንዲት መስመር ብቻ እለምንዎታለሁ። «አስጎብኚዋ ካላመነችበት ወንዙን አትሻገርም፤ ፈቃዷም አይነካም» ብለው በፊርማዎ ይላኩልን። ሰሌዳዎን አውርዱ አላልኩም፤ ቀለሙንም አልነካብዎትም። አንዲት መስመር ናት፤ ለመጻፍ አሥር ደቂቃ አትፈጅም።

መስኮትዎ ዘወትር ብሩህ፣ ወንበርዎ የጸና፣ ከደጃፍዎ የሚያልፈውም ጎርፍ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለሚሰጡኝ ፈጣን ምላሽ ምስጋናዬን አስቀድሜ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የእርስዎው ታዛዥ፣
አባይነህ ኮርሳ
የቀድሞ ሹፌር፣ የጸደንያ አባት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለፈው የካቲት አንድ ትሑት ሰው ስሙን ሳይነግረኝ ደውሎ፣ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከፋሲካ በኋላ ወደዚያው ወንዝ መሄድ እንደሚፈልግ ነግሮ ምክር ጠይቆኝ ነበር። በፈጠረዎት በሚያዝያ እንዳያደርጉት፣ የመጪው ዓመት ጥር ይሻላል ብዬው አመስግኖኝ ዘጋ። ደዋዩ የባለቤትዎ ወንድም መሆኑን፣ ልጆቹ የእርስዎ መሆናቸውን፣ ጉዞውም በዚያው ሳምንት ወደ ጥር መዛወሩን የሰማሁት ገና ትናንት ነው። እሰይ፣ እንኳን ቀሩ፤ ልጆች ምን አደረጉ። የእኔዋ ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ትነሣለች። ስልክ ቁጥሬ የባለቤትዎ ወንድም ጋ አለ።