ከጆሮዋ አጠገብ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ዛሬም ጠዋት ካራቴ። ሐኪሙ "ለደም ግፊትሽ ተንቀሳቀሺ" ሲለኝ የእግር ጉዞ ማለቱ ነበር... እኔ ግን ከዚራ ሰፈር፣ ሴቶች የሚሰለጥኑበት አዳራሽ ገባሁ። ስፌት ቤቴን ከመክፈቴ በፊት ስለሆነ ይመቸኛል።
አብራኝ የምትለማመደው ፋርሂያ ናት። መጋላ ገበያ ልብስ ትሸጣለች። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፣ ግን "አባዮ" ትለኛለች። በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው። እኔ ቡጢ እሰነዝራለሁ፣ እሷ ታመልጣለች። አንዴም ነክቻት አላውቅም። ጎበዝ ናት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
አሰልጣኛችን ሳላሕ አስቆመን።
"ፋርሂያ፣ ንቅንቅ እንዳትይ። እትዬ ስምረት፣ ምቺያት።"
ሰነዘርኩ። ቡጢዬ ከጆሮዋ አጠገብ አለፈ።
"ድገሚ።"
አሁንም ከጆሮዋ አጠገብ።
"አቦ እትዬ! ዝንብ ነው የምታባርሪላት?"
አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሱ ግን ኮስተር አለ። "ቆማም አትነኪያትም። ታዲያ ምኑን ተማረች?"
አላወቅሁም ነበር። እጄ ራሱ ነው የሚዞረው። ሰው መትቼ አላውቅም...
ፋርሂያ አኮረፈች። ስንወጣ "አንቺ ለደም ግፊት ነው የመጣሽው። እኔ ለዋበሪ ነው" አለችኝ።
ዋበሪ የተፋታችው ባሏ ነው። ሱቋ ድረስ እየመጣ፣ ሰው ፊት በጥፊ ይመታታል። ከስሳው ነበር፤ ሽማግሌ ገባ፣ ዕርቅ ተባለ፣ እሱ ተመልሶ መጣ።
"እጁ ሲነሳ ዓይኔን እጨፍናለሁ አባዮ። ቆሜ እጠብቀዋለሁ።"
እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ሳታመልጥ ያመለጠች እያስመሰልኳት...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16
በጣም በዝግታ ጀመርን። ግን ቀጥታ አፍንጫዋ ላይ። ገና እጄን ሳላነሳ ትሸሻለች፤ ለካ እስከ ዛሬ የምታመልጠው በልምድ ነው እንጂ ቡጢዬን አይታ አልነበረም። ስነካት ይቅርታ፣ ስነካት ይቅርታ...
"ይቅርታሽን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውሰጂው" አለችኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18
ፈጠን አልን። ዓይኗን ጨፈነች። አፍንጫዋን አገኘሁት። ደም።
ጨርቅ ሰጥቻት ወጣሁ። አልመለስም። እሱ ከሚያደርገው በምን ተለየሁ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20
ፋርሂያ ስፌት ቤት መጣች። አፍንጫዋ አብጧል። ዚፕ እየቀየርኩ ነበር፣ ቀና አላልኩም።
"ወላሂ ማክሰኞ ካልመጣሽ ጎትቼ ነው የምወስድሽ።"
"አደማሁሽ እኮ።"
"ምቺኝ ብልሽ ትመቺኛለሽ፣ ተይ ብልሽ ትተያለሽ። እሱ ይተዋል?" ዚፑን ከእጄ ቀምታ፣ "ሌሎቹ ሰልጣኞችም እኮ ስለሚያዝኑልኝ ይስቱኛል" አለች።
እሺ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23
ቀጥታ መታሁ። አንዳንዱን አመለጠች፣ አንዳንዱ አገኛት። የመጨረሻውን እያየችው አሳለፈችው። ሳላሕ ወደ ሌሎቹ ዞረ። እኔ ግን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4
ክር ልገዛ መጋላ ሄድኩ። ፋርሂያ ሱቅ ፊት አንድ ረጅም ሰውዬ ይጮሃል። አይቼው ባላውቅም አወቅሁት። እጁን አነሳ። እኔ ነኝ ዓይኔን የጨፈንኩት! ስገልጠው ፋርሂያ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ቆማለች፤ እሱ የቀሚስ ክምር ላይ ተደፍቷል።
"እዚያ የለችም ወንድሜ!" አለች ጎረቤቷ ሃዎ።
ተነስቶ ደገመ። አሁንም አየር መታ። ሄጄ ከጎኗ ቆምኩ። ሃዎም መጣች። ሌሎቹም። ተሳድቦ ሄደ።
ፋርሂያ መሬት ላይ ተቀምጣ አስመለሳት። ውሃ ስሰጣት፣ "ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። ትመሰክሪልኛለሽ?" አለችኝ።
እኔ? ከደንበኛ ጋር እንኳ ተከራክሬ የማላውቅ...

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6
ሽማግሌዎቹ ማለዳ ሱቋ መጥተው ነበር። "ዛሬስ አይሆንም አባቶቼ" ብላ ሸኘቻቸው።
ጣቢያ ገባን። ተረኛው ፖሊስ ቀና ብሎ አየኝና፣ "አንቺ ደግሞ ምኗ ነሽ?" አለኝ።
እህት ልበል? ጎረቤት? ሁለቱንም አይደለሁም።
"ጠዋት ጠዋት የምመታት ነኝ" አልኩት።
ፋርሂያ ሳቋ አመለጣት። ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ያየሁትን ከመጀመሪያው ነገርኩት። "ድምፅሽን ቀነስ አድርጊው" አለኝ።