ድንኳን የማይተከልበት ሜዳ

ኅዳር 3
ድንኳኑን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። አይጥ ጥጉን በልታዋለች። ሰፋሁት። የዕድሩ ንብረት ያዥ እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን ሊሰፋው ነው?

የለቅሶ ድንኳን የምንተክልበት ሜዳችን ላይ የሠሩት መናፈሻ ተከፈተ። መሀሉ ገንዳ... ገንዳው ላይ በሙዚቃ የሚዘል ውሃ። እኛ ቤት ቧንቧው ከነጠፈ ሰነበተ። ልጄ ሣባ ከየካ አባዶ ደወለች። "አባዬ፣ ጎሮ አማረባት አሉ! ገብተህ አየኸው?" አላየሁም። አላይምም። "ለእናንተው እኮ ነው የተሠራው" ትለኛለች። ውሃ ይዝለልልን ያለ ማነው?

ኅዳር 9
ጓደኛዬን ኃይለኪሮስን ልጠይቅ ሄድኩ። አልጋ ይዟል፣ ከስቷል። አፉ ግን ያው ነው። "ያ ሁሉ ብር ውሃ ለማስጨፈር? ለእኔ ግማሹን ቢሰጡኝ ከውሃው በላይ እዘልላቸው ነበር።" ሳቅን። ከዚያ እጄን ያዘኝ። "ድንኳኔን ሜዳችን ላይ ትከልልኝ። አዳራሽ ውስጥ እንዳታስለቅሱኝ።"

የባለቤቴ፣ የአልማዝም የለቅሶ ድንኳን እዚያው ነበር... ቃል ሰጠሁት።

ኅዳር 17
ኃይለኪሮስ ሌሊቱን አረፈ። ቀብሩ ነገ ነው።

የዕድሩ ዳኛ ይትባረክ "ጋሼ፣ አዳራሽ እንከራይ፣ እዚያ አያስገቡንም" አለኝ። ቃል አለብኝ አልኩት። ድንኳኑን ተሸክመን ሄድን። ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

"አባባ፣ ክልክል ነው። የሕዝብ መናፈሻ ነው።"

"እኛስ ምንድን ነን? ከብት?"

ድንኳኑን አየ፣ እኛን አየ። በኋላ አዘነልን መሰለኝ። "በሉ ሣሩን አትርገጡ፣ ድንጋዩ ላይ ይሁን። የውሃው ፓምፕም ተበላሽቷል።"

ከገንዳው ራቅ አልን። ድንጋይ ላይ ካስማ አይመታ... ገመዱን የመብራት ምሰሶ ላይ አሰርኩት። ድንጋዩ ትንንሽ ቀዳዳ አለው። ዝናብ ቢጥል የሚያሰርግ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ይትባረክ ጎንበስ ብሎ "ጋሼ፣ ይሄ ቀዳዳ ምንድን ነው?" ሲለኝ "ድንኳን መትከል ልታስተምረኝ ነው?" አልኩት።

ኅዳር 19
ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። ቄሱ ጸሎት ጀመሩ። ለካ ፓምፑን ጠግነውታል... ውሃው ከእግራችን ሥር ተነሣ። በዚያ በቀዳዳው። ከነሙዚቃው፣ ከነቀይ መብራቱ። ወንበሩ ተገለባበጠ፣ አሮጊቶች ወደቁ። የሟች ሚስት ደብሪቱ ነጠላዋ ፊቷ ላይ ተለጥፎ ቆማ ቀረች። ውጭ ጎረምሶች በስልክ ይቀርጻሉ። ይስቃሉ። ጥበቃው "ማጥፊያው እኔ ጋ የለም! በራሱ ነው የሚነሳው!" እያለ ይጮሃል።

ገብቼ አይቼው ቢሆን... አላይም አልኩ።

የረጠበውን ድንኳን ስፈታ ደብሪቱ አጠገቤ መጥታ ቆመች። "ለእሱ ብለው ነው ወይስ ለእልክዎ?"

ቃል ሰጥቼው ነው ልላት ነበር። ገመዱን መፍታቴን ቀጠልኩ።

ኅዳር 24
ይትባረክ መጣ። ተቀመጥ ብዬው አልተቀመጠም። "ጋሼ... ዕድሩ ተሰብስቦ ነበር። ከእንግዲህ ይረፉ ተብሏል።" የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጠሁት። ድንኳኑ ገና አልደረቀም፣ እንዳታጥፉት፣ ይሻግታል አልኩት። "አይ ጋሼ፣ ሊሸጥ ነው።"

ኅዳር 25
ከቤት አልወጣሁም።

ታኅሣሥ 12
ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቷል። ለቅሶው አዳራሽ ነው። ወንበሩ ላይ የሠርግ ሪባን ታስሯል። ገና ሳንቀመጥ ባለ አዳራሹ "ከሰዓት ሙሽሮች ይገባሉ፣ ቶሎ በሉ" አለን። ለቀስተኛው ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። ደብሪቱ ፊት ለፊቴ ነበረች። ሰላም አላለችኝም።

ሣባ ደወለች። "እኔ ስሞት ድንኳን ብላችሁ እንዳትደክሙ" አልኳት።

"ምን ሟርት ነው አባዬ! ደሞ ለዚያ... አዳራሽ እንይዛለን።"

እሺ አልኳት።

"አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?" አለችኝ።