ከዶርዜ ያልደረሰው ዝናብ

ውድ ኖላዊት፣

ይህን ለእኔ ለአያትሽ የምትጽፍልኝ የመሥሪያ ቤት ጓደኛሽ ሜሮን ናት። አንቺን ፍለጋ ዶርዜ ድረስ ወጥታ አጣችሽ። ምዕራብ ዓባያ፣ አክስትሽ ቤት መደበቅሽን ነገርኳት፤ አልዋሽም። «ጋሼ፣ አደራ እንዳይቆጧት» አለችኝ። «የምልሽን ጻፊ፤ ስብከቱን ለፓስተሩ ተዪለት» አልኳት።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሥራሽን ግን አውቀዋለሁ። «አባባ፣ እንዳንተ ጥጥ ነው» ብለሽ ያስረዳሽኝ አንቺው ነሽ። እኔ ጥጡን ለየቤቱ አከፋፍላለሁ፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ፤ ፈትሉ ሲሰበሰብ ድሩን እዘረጋለሁ። አንቺም ፓይተን በምትሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ትእዛዝ ትጽፊያለሽ፤ ከየተራራው የመጣው የዝናብ ልክ ለብዙ ኮምፒውተሮች ይከፋፈላል፤ ሁሉም የድርሻውን ያሰላል፤ መልሱ ሲሰበሰብ ኩልፎ ወንዝ ይሙላ አይሙላ ለገበሬው በስልኩ ይነገረዋል። ገበያ መሐል ስንቱን ሰው አስቁሜ ኮርቼብሻለሁ!

ኩልፎ የሞላ ቀን ግን የዶርዜን ድርሻ የያዘው ኮምፒውተር መልስ ሳይሰጥ ቀረ። ትእዛዝሽም ያልመጣውን እንደ ዜሮ ቆጠረው። እዚህ ሰማዩ ተቀዶ ሲወርድ፣ አባትሽ ስልኩ ላይ «ስጋት የለም» የሚል አነበበ። ወንዙ ዳር ሙዝ እርሻው ውስጥ እንዳለ ኩልፎ መጣበት። እሱ ማንጎ ላይ ወጥቶ ተረፈ፤ አህያዪቱን ከነጋሪዋ ወንዙ ወሰዳት። አንቺም ስልክሽን ዘግተሽ ጠፋሽ።

ልጄ፣ ፈርቻለሁ። ይህን ቃል ከእኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂም። ዛሬ ደመናው እንደገና ራሳችን ላይ ተከምሯል። ነፋሱ ቆሟል፤ የእንሰቱ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ለአባትሽ ለሲሳይ ደወልኩለት።

«ውጣ ከዚያ!»

«አባ፣ ውጡ የሚል መልእክት አልመጣም እኮ።»

«ያው መልእክት አይደል ወይ እንደ ዝንጀሮ ዛፍ ላይ የሰቀለህ?»

«ልጄ ታርመዋለች። እኔ አባቷ ካላመንኳት ማን ሊያምናት ነው?»

ዘጋብኝ። ግትር! ከማን እንደወረሰው አትጠይቂኝ።

አየሽ፣ ወንዙ ዳር የተቀመጠው ለሙዙ አይደለም፤ ለስምሽ ነው። ሜሮን እንደምትለው፣ ትእዛዙን መሥሪያ ቤት ያሉት ሲነካኩት ባሰበት፤ ውስጡን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ አንዷ ፈታይ ፈትሏን ሳታመጣ ስትቀር «ጥጥ አልሰጠኋትም» ብዬ ድር አልዘረጋም። ታማ ይሆናል፣ ወልዳ ይሆናል ብዬ ቤቷ ሄጄ አንኳኳለሁ። ዛሬ የማንኳኳው ያንቺን በር ነው።

ሜሮን ይህን ይዛልሽ ትመጣለች። እኔም እስከ አርባ ምንጭ አብሬያት ወርጄ ኩልፎ እሄዳለሁ፤ ልጄ አልነሳም ካለ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ዋና አልችልም። ማንጎ ላይ የምወጣበት ጉልበትም የለኝም። እንድንነሳ ከፈለግሽ፣ «ውጡ» የሚለው ቃል ካንቺ ይምጣ።

አያትሽ ኤርጫፎ፣
ጣቴን አሳርፌበታለሁ።