ነፍሰ ጡር ነሽ ተብዬ ከጀዊ የቀረሁባቸው ቀናት

ሰኞ

የድርጅታችን መኪና ጥሎኝ ሄደ። በር ላይ ቆሜ እያየሁት። ሹፌሩ አንገቱን ደፍቶ ነው ያለፈኝ። አራት ዓመት በየማለዳው ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ያደረሰኝ መኪና ነው፤ ዛሬ ስሜ ከተሳፋሪዎች ዝርዝር ወጥቷል።

አስተባባሪው ቢሮ ገባሁ። ደብዳቤ ሰጠኝ። «የሥራ መደቡ ስለታጠፈ» ይላል። ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ሲያናግረኝ ዓይኑ ከሆዴ አልተነሳም።

«ለአንቺው ብለን ነው። ሙቀቱ አለ፣ መንገዱ አለ። ውለጂና ያኔ እናያለን።»

ማን ጠየቀው? ሐኪሜ ሥሪ ብላኛለች።

እዚያ አላለቀስኩም። ቤት ገብቼ የሥራ ሰደርያዬን ስሰቅል ነው ያለቀስኩት።

ማክሰኞ

ሥራ የሌለው ቀን እንዲህ ይረዝማል? ሦስት ሰዓት ላይ እጄ ምግብ ያነሳቸውን ለመለየት የሕፃናቱን ክንድ የምለካባትን ጥብጣብ ፈለገ። አሁን እናቶቹ ዳሱ ሥር ተሰልፈዋል። በኑዌርኛ «ማሌ» ብለው ሰላም ይሉኝ ነበር።

የናፈቁኝ፦ ሚዛኑ ላይ ሲንጠለጠሉ የሚያቀልጡት ለቅሶ። መንታዎቹ፤ ትንሹ ክብደት ጨምሮ ይሆን? አቧራው እንኳ። ከሁሉም ከሁሉም ኛማል። አስተርጓሚዬ ናት፤ አራት ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል።

አባቴ ከአቦቦ ደወለ። በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነው፤ በቆሎና ማሽላ ያውቃል፣ ቢሮ ይፈራል። «ልጄ፣ ከአለቃ ጋር አትጣዪ። ነይና እረፊ» አለኝ። እወደዋለሁ። ግን አልሄድም።

ረቡዕ

ኛማል ከሥራ መልስ መጣች። የቢሯችን ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የቅጥር ማስታወቂያ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ታጠፈ የተባለው የእኔ መደብ ነው! ያው መጠሪያ፣ ያው ቦታ። ከታች ደግሞ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ይላል። ሁለታችንም ሳቅን፤ የእኔ ሳቅ ቶሎ ደረቀ።

ሌላም ነገረችኝ። ባለፈው ስብሰባ አስተባባሪው «ሆዷ ገፍቷል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ» ሲል እዚያው ነበረች።

«ይህን ለሕግ ሰው ትናገሪያለሽ?» አልኳት።

እህቷ ከደቡብ ሱዳን ከነልጆቿ ሸሽታ ጀዊ ናት፤ የምትደግፋት ኛማል ብቻ ናት።

«እኔ እፈራለሁ» አለች።

አልፈረድኩባትም። ስትሄድ ግን ቤቱ ጠበበኝ።

ሐሙስ

የመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ዘንድ ሄድኩ። ረጋ ያለች ሴት ናት። ደብዳቤውንና ፎቶውን ጎን ለጎን አድርጋ ብዙ አየች።

«እህቴ፣ ሴትን ስላረገዘች ማሰናበት ሕጉ ይከለክላል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ግን ሦስት ወር ካለፈው አይቀበሉሽም። ‹ውለጂና እናያለን› ያለሽ ሰውዬ እንግዲህ…» አልጨረሰችውም።

በጣቴ ቆጠርኩ። እስክወልድ ሦስት ወሩ ያልፋል። አሁን ገባኝ።

«ሲናገር የሰማ ሰው አለ?»

የኛማል ስም ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት። «ላስብበት» አልኩ።

ዓርብ

ጠዋት ተቆጣጣሪዋ ደወለች። «ምስክርሽ እዚህ ናት።»

በባጃጅ ስደርስ ኛማል ቃሏን ሰጥታ ፈርማ ነበር።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«የመንታዎቹ እናት ስለ አንቺ ‹የት ሄደች?› ብላ ጠየቀችኝ። ታማለች ብዬ ዋሸሁ። በየቀኑ መዋሸት አልችልም።»

አቀፍኳት። ሆዴ መሃል ገብቶ በደንብ አላስተቃቀፈንም።

ከሰዓት አስተባባሪው ተጠራ። እኔና ኛማል በር ላይ ቆመን ሳለ ፊቱ ቀልቶ ወጣ። ሰላምታ የለም፤ ለኛማል አንድ ነገር ብሏት አለፈ።

ሰኞ

አዲሱ ደብዳቤ መደቡ «በስህተት» ታጥፎ ነበር ይላል። ስህተት ይሁን። ጀዊ ገባሁ። እናቶቹ ሆዴን እየነኩ ሳቁ፤ አንዷ ወንድ ነው ብላ ማለች። ትንሹ መንታ ጨምሯል!

አግዳሚው ላይ ግን ሌላ አስተርጓሚ ተቀምጣለች። ኛማልን ዛሬ ጠዋት ኢታንግ ወዳለው መጠለያ አዛውረዋታል። ምክንያት አልተጻፈላትም።

ደወልኩላት። ድምጿ ደክሟል።

«ከእህቴ ለዩኝ» አለች። «ዓርብ ሲወጣ አስተባባሪው ‹ኢታንግ ሆነሽ ትመሰክሪያለሽ› አለኝ። አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። ንዴት መስሎኝ ንቄ ትቼው ነበር።

«ነገ ተቆጣጣሪዋ ጋ እመጣለሁ። አንቺ ትናገሪልኛለሽ?»

ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ ይጻፍ፦ ፈራሁ። ገና ዛሬ መመለሴ ነው። ስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«በሁለት ሰዓት ቢሮዋ በር ላይ ታገኚኛለሽ» አልኳት።