ወደ አልጋ የማይለወጥ ጠረጴዛ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 2። ንጋት።

ዩኒፎርሜን ለብሻለሁ፤ የጫማዬ ክር ገና ነው። ከመውጣቴ በፊት አሥር ደቂቃ አለችኝ፣ ደብተሬ፤ ላንተ ናት። ባሌ ኃይሉ ወጥ ቤት ተቀምጧል። መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ። ተኛ ብለው አይሰማም። ጡረታ ከወጣ አራት ወር ሆኖታል፤ ሰውነቱ ግን አሁንም የሌሊት ሾፌር ነው።

የሚያየው ሞተርሆም ነው። ሞተሩም ቤቱም አንድ ላይ የሆነውን፣ አውቶቡስ የሚያህለውን። በኦክቶበር ፈቃድ እወስዳለሁ፤ አገር ልናይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ኖረን በደንብ የምናውቀው ከሰፈራችን ከሳክሲ እስከ ኤርፖርት ያለውን መንገድ ብቻ። እሱን ኃይሉ በእንቅልፉም ይነዳዋል።

እኔ የምፈልገው ካራቫን ነው። ከፒክአፓችን ኋላ ታስሮ የሚጎተተውን፣ ትንሹን። ለምን አለኝ። የሞተርሆም ሞተር ሲበላሽ ቤታችንም አብሮ ጋራዥ ይገባል አልኩት። አሳማኝ ነው። እውነተኛው ምክንያቴ ግን እሱ አይደለም።

ረፈደብኝ።

የዚያው ቀን። የምሳ እረፍት።

የምሠራበት የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም የእረፍት ክፍል። ማንም የለም። አሁን ልንገርህ።

ጠዋት ኃይሉ ፎቶ አሳየኝ። ስምንት ሰው ያስተኛል አለ፣ ደስ ብሎት። እኔ ቅር አለኝ። ሳሎናችን ያለችው ሶፋ ትዝ አለችኝ፤ ስትዘረጋ አልጋ የምትሆነዋ። ከተጋባን ጀምሮ ባዶዋን አድራ አታውቅም ማለት ይቻላል። የኃይሉ ወንድም ስምንት ወር። ከናይሮቢ የመጡት ባልና ሚስት ከነሕፃናቸው። ተማሪዋ። እንግዳ ሰባኪው። ሁሉንም ወድጃቸዋለሁ፣ ጌታ ያውቃል። ቤት ለእንግዳ ብዬ በሩን የከፈትኩት እኔው ነኝ።

ግን ደግሞ፦ እኔ ቀን፣ እሱ ሌሊት። ሃያ ሦስት ዓመት በቫን መንገደኛ ሲያመላልስ አድሮ፣ እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ። ጋራዡ በር ላይ የመኪና ቁልፍ እንቀባበላለን። ወንበሩ በሱ ገላ እንደሞቀ እቀመጥበታለሁ። ብዙ ዓመት የባሌ ሙቀት ማለት ለእኔ ያ ወንበር ነበር።

ሶፋዋ ከጁላይ ጀምሮ ባዶ ናት። ልጃችን ሊድያም ሂውስተን ሥራ ከያዘች ቆየች። ቤቱ ጭር አለ፤ እኔም በቁሜ ማለም ጀመርኩ። ትንሽ ቤት፣ ከአልጋው በላይ መስኮት። ጣሪያው ላይ ዝናብ። ውሃ ዳር ቆመናል፤ የት እንደሆነ አላውቅም። ውስጧ ሁለት ሰው። ሦስተኛ ቢመጣ ቦታ የለም።

ይህን ለሰው እንዴት ይናገሩታል? ያውም በሃምሳ አራት ዓመት። ሆድ ይፍጀው።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6። ጠዋት።

ትናንት የቤት ኅብረት ነበር፤ እንደ ወትሮው እኛ ቤት። ከጸሎት በኋላ ኃይሉ አላስችል ብሎት የሞተርሆሙን ፎቶ ለሰው አዞረ። ተስፋዬና ገነት ተያዩ፤ ከሮውሌት የሚመጡት ወዳጆቻችን። ተስፋዬ ወዲያው፦ «ሶ፣ ላይኛውን ቤድ እኛ እንይዛለን። ገነት ከፍታ ትወዳለች። ኦክቶበር ደግሞ ኦፍ ነን።»

ሁሉም ሳቀ። ኃይሉማ ከሁሉም በላይ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ለእንግዳ፣ አልኩ። ምላሴ ቀድማኝ።

ዛሬ ሰሃን እያጠብኩ ሕልሜን ልመልሰው ሞከርኩ። ዝናቡ አለ፤ ውሃውም አለ። ከላይ ግን ተስፋዬ ያንኮራፋል።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10። የምሳ እረፍት።

ክፍል 12 ያሉት አሮጊት ዛሬም ጠየቁኝ። ሁልጊዜ ሳጥባቸው ይጠይቁኛል፦ ዛሬ የት ነው ያቆምነው? በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር በካራቫን ሲዞሩ ኖረዋል። ባልየው ከሞቱ ቆይተዋል፤ እሳቸው ግን አሁንም መንገድ ላይ ናቸው። ፊት ፊት፣ እዚህ ነርሲንግ ሆም ነው እያልኩ አስተካክላቸው ነበር። አሁን ሐይቅ ዳር ነው፣ ጥድ ሥር፣ እላቸዋለሁ። በሩን ቆልፈሻል? ቆልፌያለሁ። ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ።

ግድግዳቸው ላይ ፎቶ አለ። ትንሽ ካራቫን፣ ደጁ ላይ ታጣፊ ወንበሮች። ወንበሮቹን ዛሬ ቆጠርኳቸው። ሁለት።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 13። ከሰዓት።

ሀይዌዩ ዳር ያለው መሸጫ ሄድን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኃይሉ ሞተርሆሙ መሪ ላይ ወጣ። ምንም አልነካካም፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። ፊቱን አየሁት። ይህ ሰው ስንቱን ሰው ወደ ጉዞው አድርሶ እሱ ባዶ ቫን ይዞ ሲመለስ ኖሯል። ይገባዋል አልኩ። እሺ ልለው አፌን ልከፍት ነበር።

ከዚያ ኋለኛው ረድፍ ላይ እሷን አየኋት። ነጭ፣ ትንሽ፣ ጎኗ ክብ ያለ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ሻጩ፣ ጢማም ሰውዬ፣ ማውለቅ አያስፈልግም አለኝ። ቤት አይደል እንዴ? አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። ከላይ መስኮት፤ መስኮቱ ውስጥ ደመና። ደመናው ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ እኔም አብሬው። እንቅልፍ ሊወስደኝ ምንም አልቀረው።

ሻጩ አስነሳኝ። ዋናውን ነገር ገና አላሳየሁሽም ብሎ። የምግብ ጠረጴዛውን ዝቅ አደረገ፣ ትራሶቹን ደለደለ፣ ይኸው ተጨማሪ አልጋ! ለሁለት እንግዳ። እጁን ዘርግቶ አድናቆቴን ጠበቀ። እኔ ደግሞ፣ ጠረጴዛው አልጋ የማይሆን የላችሁም ወይ አልኩት። እንግሊዝኛዬ የተሳሳተ መስሎት ደግሞ ጠየቀኝ። ደገምኩለት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረኝ።

ዞር ስል ኃይሉ በሩ ላይ ቆሟል። ጫማውን በእጁ ይዞ። ሰምቷል።

እስከ ሳክሲ ሬዲዮ ስናዳምጥ መጣን።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14። ከሰዓት።

ኃይሉ፣ ተጎታች ወደ ኋላ ሲገባ ከኋላ ቆሞ የሚመራ ሰው ይፈልጋል አለ። ትችያለሽ? ፈተና ነው፤ ገብቶኛል። እሱ ከቫኑ በፊት ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። እኔ የምገፋው ዊልቸር ነው።

ከቤ/ክ በኋላ፣ ሰዉ ሲበተን፣ የተስፋዬን የዕቃ ማመላለሻ ተጎታች ፒክአፑ ላይ አሰርን። አውሰን ሳንለው እንኳ አመጣው፣ ምስኪን፤ ለጉዟችን ብሎ። ሕሊናዬ ቆነጠጠኝ።

ፓርኪንጉ ባዶ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች አቆምን፤ በመካከላቸው ሊያስገባ። አንድ ሕግ ብቻ ሰጠኝ፦ በመስታወቴ ካላየሁሽ አልንቀሳቀስም፤ ከጠፋሽብኝ እቆማለሁ። ጀመርን። መሪው ግራ ሲዞር ተጎታቹ ቀኝ ይሄዳል። ጮህኩ። ቆመ። እንደገና። ሦስቴ ወንበር ገለበጥን። በኋላ መጮኹን ተውኩት፤ እጄን ብቻ። ና፣ ና፣ ቀስ፣ ና። መስታወቱ ውስጥ ዓይኖቹ ብቻ ይታዩኛል። ከእኔ አልተነሱም። ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ደብተሬ፣ ኃይሉ ከእኔ ሌላ ምንም አላየም። ፀጉሬን ሳስተካክል ለራሴ ታወቀኝ፤ ሳቄ መጣ።

ገባ። በወንበሮቹ መካከል፣ ቀጥ ብሎ።

ወረደ። ውሃ አቀበለኝ። ከራሱ ጠርሙስ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 17። ከእራት በኋላ።

ጠየቀኝ። ጠረጴዛው አልጋ ቢሆን ምን አለበት፣ አለ። በቃ ነገርኩት። ሶፋዋን፣ የሞቀውን ወንበር፣ መስኮቷን። ካንተ ጋር ብቻችንን መሆን እፈልጋለሁ አልኩት።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኃይሉማ ሃያ ስድስት ዓመት ሳይነቅዝ ተቀምጧል። ከዚያ፦

«ማለቴ... ሁለታችን ብቻ ሆነን ምን እናወራለን፣ ሙሉ?»

ሳህኔን ይዤ ተነሳሁ። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ተናደድኩ። አይ፣ አፈርኩ። አይ፣ ከፋኝ፤ በጣም ከፋኝ።

መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ለጀርባዬ ተናገረ። ከመንገደኞቹ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ያወራ ነበር አለ። ስለ ፍቺ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ቀብር፤ ሁሉን ይነግሩታል፣ እሱም ይነግራቸዋል። በመስታወት እያያቸው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ግን አለመደም፤ ቃል ያጥረዋል። ተስፋዬ ካለ ተስፋዬ ያወራለታል። ስምንት አልጋ የፈለገው ለዚህ ነው። ፈርቶ። እኔን!

እኔስ ብሆን? ስለ ኃይሉ የማውቀው፦ እንቁላል ደረቅ ያለ ይወዳል። ግራ ትከሻው ያመዋል። ሲያፍር ጆሮውን ያክካል። ሌላስ? ሕልሜን አገላበጥኩት። ዝናቡ ሲያባራ እዚያች ቤት ውስጥ ምን እንደምንባባል አንድም ቀን አልሜ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18። የምሳ እረፍት።

ክፍል 12ን ጠየቅኳቸው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ከባልዎ ጋር ምን ታወሩ ነበር? ረጅም ጊዜ አሰቡ። የረሱኝ መስሎኝ ነበር። ነገ የት እንደምናቆም፣ አሉኝ። ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሎኝ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20። ጠዋት።

ትናንት፣ የቤት ኅብረት ላይ። ተስፋዬ ካርታ አትሞ መጣ። ገነት ለጉዞው ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝታለች፤ ጉልበቴ ላይ ዘረጋችልኝ፣ ንኪው ብላ። ገነት አዲስ የመጣች ጊዜ ያቺ ሶፋ ላይ አምስት ወር ተኝታለች። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም። «ገነቴ፣ በዚህኛው ጉዞ...» ብዬ ጀመርኩ። እዚያው ቀረሁ። ይሉኝታ ያዘኝ። ሁሉም አፌን ያያል።

ኃይሉ ጆሮውን አከከ። ከዚያ፦ «ኦኬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሐሳቤን ቼንጅ አድርጌያለሁ። ትንሿን ትሬይለር ነው የምንወስደው፤ የሁለት ሰው ናት። ከሙሉ ጋር ብቻችንን መሆን ፈልጌ ነው። እኔ ነኝ የፈለግኩት።»

በሰው ፊት! ኃይሉ! ተስፋዬ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው፣ «ሃኒሙን ነዋ!» አለና እንደገና ሳቀ። ገነት አልሳቀችም። ብርድ ልብሱን በሥነ ሥርዓት አጥፋ ፌስታሉ ውስጥ መለሰችው። በጊዜ ሄዱ። በር ላይ ሳቅፋት ትከሻዋ እንጨት ሆኖብኛል።

አዝኛለሁ። ደስ ብሎኛል። ሁለቱም በአንድ ሆድ። እኔን ለማዳን ዋሽቶ ይሆን፣ ወይስ እውነቱን ነው? አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው እፈራለሁ።

ዛሬ የካራቫኗን ውል ልንፈርም ነው።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 22። ከሰዓት፣ ኦፍ ነኝ።

ነጯ ቤት ደጃችን ቆማለች። ዛሬ ጠዋት አመጣናት። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደጃችን እንድናቆማት ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈቀደልን፤ ከዚያ ማቆሚያ ተከራይተንላታል። ወደ ኋላ ያስገባናት እኔና እሱ ነን፤ እኔ በእጄ፣ እሱ በመስታወቱ። የፖስታ ሳጥኑን ለጥቂት ሳትን።

ከዚያ ኃይሉ ከጋራዡ ካቻቢቴ ይዞ ካራቫኗ ውስጥ ገባ። በወንበሮቹ ጎንና ጎን ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አሉ፤ ጠረጴዛው አልጋ ሊሆን ዝቅ ሲል የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። እንጨቶቹን አምጥቶ አስረከበኝ። እዚህ አጠገቤ ናቸው። አሁን ዝቅ ቢያደርጉትም የሚያርፍበት የለውም። ጠረጴዛ ነው። በቃ። እኔም መልሴን አገኘሁ። ያን ዕለት አልዋሸም።

ገነት አልደወለችም። ነገ እኔ እሄዳለሁ፣ ሮውሌት። ከጉዞ ስንመለስ ካራቫኗን ይዘን ሐይቁ ዳር አብረን እንዋል እላታለሁ። ለመዋል ቦታ ሞልቷል። ብትቆጣም ቁጣዋን ሰምቼ እመጣለሁ።

ደመና መጥቷል። በወጥ ቤቱ መስኮት ይታየኛል፤ ኃይሉ የካራቫኗ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጧል። ጫማው በሩ ላይ። ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ምንም አልያዘም፤ ስልኩንም። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፏል፣ እንደዚያን ቀን መሪው ላይ።

ጠብታ። አንድ፤ ሌላም።

ጠራኝ። ሙሉ፣ ነይ ተቀመጪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አለ። ልጠይቅሽ! ምን ይሆን? እሄዳለሁ። አንተ ግን እዚሁ ቆይ፣ ደብተሬ፣ አትቀየመኝ፤ እዚያ ለሦስተኛ ቦታ የለም።